እህቱ የማትጠጣው ጭማቂ

ቁጥጥር ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰው ሁሉ ትኬት ያልቆረጠ ይመስለው ነበር። የከተማ አውቶቡስ ተቆጣጣሪ ሆኖ ነው ያረጀው፤ ማንም ባልጠበቀው ፌርማታ ዘሎ ይሳፈርና በሩን በትከሻው ዘግቶ ትኬት ይጠይቃል። ትኬት ቆራጮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ቁጥጥር መጣ» እየተባባሉ ይጠቃቀሱ ስለነበር ስሙ በዚያው ጸንቶ ቀረ። በሰፈርም፣ በፀጉር ቤትም፣ በዳቦ ቤትም ቁጥጥር ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታውቅ እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም አትጠራበትም፤ ፀጉሩ ጥጥ መስሎ እንኳ «ማሙሽ» ነው የምትለው።

በሥራው ጎበዝ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ያልከፈለውን ሰው ለመለየት ትኬት ማየት አያስፈልገውም። ድንገት እንቅልፍ የወሰደውን፣ የሚታይ ነገር ሳይኖር ዓይኑን ውጭ የተከለውን፣ የማያውቀውን ሕፃን ማጫወት የጀመረውን እያለፈ ያውቀዋል። ለአዳዲስ ተቆጣጣሪዎች ሲያስተምር ግን ከሁሉም በላይ ተጠንቀቁት የሚለው ሌላ ሰው ነበር። ያለምክንያት ደግ የሆነውን ፈትሹ ይላቸዋል፤ ሳትጠይቁት ወንበር የሚለቅላችሁ፣ «ደክሟችኋል፣ አረፍ በሉ» የሚላችሁ ሰው ኪሱ ባዶ ነው። ብዙ ጊዜ ልክ ነበር። ልክ ያልሆነባቸውን ቀናት ሲያወራ ግን ተሰምቶ አያውቅም። አንዲት አሮጊት ቦርሳቸውን ሙሉ አራግፈው ትኬታቸውን ከመሐረባቸው ውስጥ ሲያገኙ እንኳ ይቅርታ ሳይል ነው ወደሚቀጥለው ወንበር ያለፈው።

እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ሲገባ ዩኒፎርሙን ያወልቃል እንጂ ዓይኑን የት ያወልቃል? ወተት ሳያሸት አይጠጣም። በር ከቆለፈ በኋላ ተመልሶ መቆለፉን ያጣራል። በወጣትነቱ አንዲት ልጅ አጭቶ ነበር፤ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር ነበርሽ ሲያበዛባት ጊዜ ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣለት ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልሞከረም።

በዚህ ዓለም ላይ ሳይፈትሽ የሚያምነው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እህቱን። እናታቸው ስትሞት እሱ ጫማውን ማሰር የማይችል ልጅ ነበር። እሷም ልጅ ነበረች፤ ብቻ ጫማ ማሰር ትችላለች። ሆቴል ቤት ገብታ ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስትተኩስ ውላ፣ ማታ ደግሞ የእሱን የትምህርት ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። በኋላ አገባች፤ ልጅ ሳይወልዱ ባሏ ሞተ፤ ተመልሳ ከወንድሟ ጋር በወላጆቻቸው ቤት መኖር ጀመረች። ሁለት መኝታ ቤት፣ ጠባብ ኮሪደር፣ በመስኮቱ ጓሮው የሚታይ ወጥ ቤት ነው ያላቸው። ወጥ ቤቱ የእሷ ግዛት ነው፤ እዚያ ቁጥጥር እንኳ ሳያስፈቅድ የድስት ክዳን አያነሣም።

አንድ ሰሞን ከገበያ ይዛ የምትገባው ዘንቢል ተለወጠ። ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር ይበዛበት ጀመር። ከዚያ ደግሞ ግሬፕፍሩት መጣ፤ ያ የብርቱካን ታላቅ ወንድም የሚመስለው፣ ሲቆርጡት ውስጡ ቀላ የሚል መራራ ፍሬ። ነገሩ ምንድነው ቢላት፣ ጉበትና አንጀት ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ መርዝ የሚሰባብሩ ነገሮች አሉ፤ አትክልትና ፍራፍሬ እነሱን ይነካካቸዋል፤ አንዱ ያበረታቸዋል፣ ሌላው ያደክማቸዋል አለችው። ከየት ሰማሽ ሲላት «ሲያወሩ ሰማሁ» ብላ ካሮቷን መፋቅ ቀጠለች። አንተ ዕድሜህን ሙሉ የአውቶቡስ ጭስ ስትውጥ የኖርክ ሰው ነህ፣ ጉበትህ ትንሽ ይታጠብ ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ይቀመጣል። ግሬፕፍሩቱ የእሱ፣ የካሮት ጭማቂው የእሷ። ቁጥጥር የመጀመሪያዎቹን ቀናት ፊቱን እያጨማደደ ጠጣ። በባዶ ሆድ ነውና ደረቱን ያቃጥለዋል። አንድ ጠዋት እንደ ቀልድ፣ ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ አንቺስ ለምን አትጠጪውም አላት።

«ለእኔ አይስማማኝም» አለች። ይህንንም ያለችው ፊቷን ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዙራ ነው።

ሌላ ሰው ቢሆን ዳቦውን መብላት ይቀጥል ነበር። ቁጥጥር ግን የሚዞር ፊት ያውቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ የበላው እንጀራ እሱ ነው። ያለምክንያት የመጣ ደግነት፣ ቀድታ የምትሰጥ ራሷ ግን የማትቀምስ ሴት፣ ከየት እንደተሰማ የማይታወቅ ትምህርት። ነገሩ አልዋጥልህ አለው። ከእህቱ ሌላ ማንም ቢሆን ኖሮ በዚያችው ደቂቃ በሩን ዘግቶ ይፈትሽ ነበር።

መከታተል ጀመረ። አንዳንድ ጠዋት ሻርፗን ጠምጥማ ትወጣለች፤ የት ነበርሽ ሲላት «እዚሁ» ትላለች፤ እዚሁ የሚባል ሰፈር ደግሞ የለም። ድንገት ወጥ ቤት ሲገባ እጇ ከአፏ ወደ ሽርጧ ኪስ ይወርዳል። ኪሱ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር አለ። አንድ ቀን ጭራሽ ጭማቂው ከሚጨመቅበት ጠረጴዛ ሥር ነጭ ስባሪ ነገር ወድቆ አገኘ። ጫፉን በምላሱ ነካ ቢያደርገው መራራ ነው። በወረቀት ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተውና የዚያን ቀን ምሳ አልበላም።

ምሥጢሩን ያካፈለው ለፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ይህ ትልቁ ስሕተቱ ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አንገቱን እስከሰጠው ድረስ ምንም ነገር ያምናል፣ ምንም ነገርም ይጨምራል። ነጭ ስባሪ ነገር ሲባል ምላጩን አስቀመጠ። አንድ የሚያውቀው ሰው ነበረ፣ ቀስ በቀስ፣ በጠብታ በጠብታ እንዲህ ሆኖ ያለቀ፤ ፊቱ ልክ እንዳንተ ገርጥቶ ነበር አለው። ቁጥጥር መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ፤ እውነትም ገርጥቷል። ሰው ምሳ ካልበላ መገርጣቱ አይቀርም፤ ይህን ግን ሁለቱም አላሰቡትም። «ምን ልትጠቀም?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ፀጉር አስተካካዩ ምክንያት በኋላ ነው የሚመጣው አለው።

ከዚያ በኋላ ጭማቂውን ዞር ስትልለት በመስኮቱ ላይ ያለችው የአበባ ማሰሮ ውስጥ ይደፋው ጀመር። አበባዋ አልደረቀችም፤ እንዲያውም ቅጠል ጨመረች። ይህም አላረጋጋውም፤ አበባ ጉበት የለውማ።

እውነቱን ለመናገር፣ ሰውዬው ተሠቃየ። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ሲል ይህች ሴት በጀርባዋ አዝላው ሐኪም ቤት የሮጠችውን፣ የዳቦውን ለስላሳ ለእሱ ሰጥታ ቅርፊቱን የበላችውን ያስባል፤ ወዲያው ደግሞ የሽርጧ ኪስ ትዝ ይለዋል። እሷን ከጠረጠረ የሚያምነው ሰው በምድር ላይ አይቀርም፤ ይህን ያውቃል። ተሳስቼ በሆነ ብሎ የተመኘበት የመጀመሪያው ፍተሻ ይህ ነበር። ስለዚህ ቁርጡን ማወቅ ፈለገ፤ ቁርጡን ለማወቅም የሚያውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ሰውየው ሳያስበው መያዝ።

በማግስቱ ጠዋት ብርጭቆዎቹ እንደ ወትሮው ተደርድረው እህቱ ያጠበችውን ልብስ ልታሰጣ ጓሮ ወጣች። ቁጥጥር ተነሣ። ከካሮት ጭማቂዋ ግማሹን ማጠቢያው ውስጥ ደፋና በራሱ ግሬፕፍሩት ሞላው። ካሮቱ ደማቅ ነው፤ ቀለሙ ብዙም አልተለወጠም። በማንኪያ አማሰለው፣ ማንኪያውን ጠረገ፣ ቦታው መለሰ። ንጹሕ ከሆነ ምን ይጎዳታል? የእሱ ሙግት ይህ ነበር። ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ገና ምላሷን ሲነካት ታስቀምጠዋለች፤ እሱም ይገባዋል። ተቀምጦ ጠበቀ።

እህቱ እጇን በሽርጧ እያደረቀች ገባች፣ ተቀመጠች፣ ብርጭቆዋን አነሣች። አንድ ጊዜ ተጎነጨችለትና ቆመች። ብርጭቆውን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ ወንድሟን አየችው። ቁጥጥር ዓይኑን አልነቀለም፤ የአውቶቡሱን በር ዘግቶ ሰው የሚያይበት ዓይን ነበር።  ብርጭቆውን መልሳ ወደ አፏ ወሰደችና እስከ መጨረሻው ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ቁጥጥር ተነፈሰ። ደስታው ይህ ነው አይባልም፤ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት ያህል ነበር። ተጨማሪ ዳቦ ቆረሰ፤ ሻዩን ስኳር ጨምሮ ጠጣ፤ ስለ ድሮ ሾፌሮች ወሬ አምጥቶ አሣቃት። እሷም ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ እንደ ሁልጊዜዋ ወጥ ቤት ገባች፤ እንደ ሁልጊዜዋ የሽርጧ ኪስ ተንኮሻኮሸ፤ ደስ ያለው ሰው ግን ጆሮ የለውምና አልሰማትም። የራሱን ብርጭቆ ትንሽ ቀምሶለት የተረፈውን እዚያው ተወና ጋዜጣውን ዘረጋ።

ረፋዱ ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ነገር ዘጭ አለ። ሲደርስ እህቱ ግድግዳውን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ስሟን ቢጠራ ዓይኗ ይከፈትና መልሶ ይከደናል። እጇን ያዘው፤ ቀዝቅዟል።  መጀመሪያ ለቁጥጥር የመጣለት ሐሳብ፣ አለበት ማለት ነው የሚል ነበር። መርዙ አለበት፤ ለእኔ ያዘጋጀችውን ራሷ ጠጣችው። ሁለተኛው ሐሳብ እህቴ ልትሞትብኝ ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለቱ ሐሳቦች አብረው መጥተው እግሩን አሰሩት። የጎረቤት መኪና እስኪነሣ ድረስ የሠራውን ሲያስታውሰው ዛሬም ያፍርበታል፤ ወጥ ቤት ተመልሶ ከብርጭቆው የተረፈውን ግሬፕፍሩት ጠርሙስ ውስጥ ገልብጦ ከደነው። ማስረጃ ነዋ። በአንድ ክንዱ እህቱን አቅፎ፣ በሌላው እጁ ጠርሙሱን ይዞ፣ እያለቀሰ ሐኪም ቤት ደረሰ።

ድንገተኛ ክፍል የተቀበለቻቸው ዶክተር ወጣት ናት፤ ፈጣን፣ ቃል የማታባክን። ግፊቷ በጣም ወርዷል ብላ አልጋውን ከእግሩ በኩል ከፍ አስደርጋ ግሉኮስ አስቀጠለችላት። ቁጥጥር የዶክተሯን ክንድ ይዞ ወደ ጥግ ወሰዳትና ጠርሙሱንም በወረቀት የተጠቀለለውን ስባሪም አስረከባት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ይህን ለእኔ ያዘጋጀችው ነው፣ እሷ ጠጣችው፣ ምን እንዳለበት መርምሩልኝ አላት።

ዶክተሯ ስባሪውን አገላብጣ አየችው። ወደ አልጋው ሄዳ የእህቱን ሽርጥ ኪስ ዳበሰችና የኪኒን ማሸጊያ አወጣች፤ ያው የሚንኮሻኮሸው ነገር ነው። ስባሪውን ከአንዱ ኪኒን ጋር አስተያየችው። የደም ግፊት መድኃኒት መሆኑን ነገረችውና ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ጠየቀችው። ቁጥጥር አያውቅም። እህቱ ደም ግፊት እንዳለባትም አያውቅም። ከዚያ ጠርሙሱን ከፍታ አሸተተችና ፊቷ ተለወጠ።

«አባት፣ ይሄ ግሬፕፍሩት ነው?»

ነው አላት።

መርዝ የለበትም አለችው። ቀጥላ ያስረዳችው ነገር፣ እህቱ ካሮት እየፋቀች ከነገረችው ጋር ዘመድ ነበር። ሰው ኪኒን ሲውጥ ሁሉም ደም ውስጥ አይገባም፤ አንጀት ግድግዳ ላይ ያሉት ኢንዛይሞች አብዛኛውን ገና በሩ ላይ ሰባብረው ያስቀሩታል። እነሱ መድኃኒትና መርዝ አይለዩም፣ ያላወቁትን ሁሉ መስበር ነው ሥራቸው። ሐኪም የኪኒኑን መጠን የሚያዘው ይህን አስቦ ነው። እንደ ጥቅል ጎመን ያሉ አትክልቶች አንዳንዶቹን ኢንዛይሞች ያበረቷቸዋል፤ ግሬፕፍሩት ግን አንጀት ውስጥ ያሉትን ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል፤ ሰውነት በምትካቸው ሌላ እስኪሠራ አንድ ቀንም ከዚያ በላይም ይፈጃል። በዚህ መሃል የተዋጠ ኪኒን ያለ ከልካይ ይገባል፤ አንዱ እንደ ብዙ ይሆናል። ሁሉም የግፊት ኪኒን እንዲህ አይደለም፣ ይሄኛው ግን ነው። ኪኒን ለማይወስድ ሰው፣ ለእርስዎ ለምሳሌ፣ ፍሬ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም አለችው።

በር ላይ ቆሞ ስለሚከለክል ሠራተኛ የተባለው ለቁጥጥር ወዲያው ነው የገባው። ሌላውም ነገር አንድ በአንድ ይገባው ጀመር፤ «እዚሁ» ያለችው ጤና ጣቢያ መሆኑ፣ «ሲያወሩ ሰማሁ» ያለችውም እዚያው መሆኑ፣ «ለእኔ አይስማማኝም» ያለችው ከነፊቷ መዞር እውነት መሆኑ። የቅርቡ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ዶክተሯ ግን አልጨረሰችም። ይህን ኪኒን ስንሰጥ ስለዚህ ፍሬ ሳንናገር አንሰጥም፤ ታዲያ እንዴት ጠጣችው፣ ማን ሰጣት አለችው። ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያፋጥጥ የኖረ ሰው የጫማውን ክር ማየት ጀመረ።

ከሰዓት በኋላ እህቱ ነቃች። ፊቷ ላይ ደም ተመለሰ፤ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ይላል። ዶክተሯ መጥታ ግፊቷን ለካችና ያንኑ ጥያቄ ለእሷ አቀረበችላት። እህቱ ብርጭቆ ተሳሳትኩ፣ እርጅና ነው አለች። ዶክተሯ ወንድሟን አንድ ጊዜ አየት አደረገችው፤ ከዚያ እሷን በደንብ ተቆጣቻትና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደች።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። ቁጥጥር ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። 

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የቀላቀልኩብሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ዶክተሯ ነገረችሽ?»

«እሷ ምን ታውቃለች? ገና ምላሴን ሲነካኝ አውቄዋለሁ።»

 ጠዋት ብርጭቆውን አንሥታ የቆመችበት፣ ቀና ብላ ያየችበት ጊዜ ለቁጥጥር ታወሰው። ታዲያ ለምን ጠጣሽው ሊላት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ጥያቄውን ሳይጨርስ ነው የገባት። ኪኒኑንስ ለምን ደበቅሽኝ ብሎ ሊጠይቅ እንደሆነም ገባት፤ ቀድማ የመለሰችለትም እሱን ነው። እናታችን በዚሁ በግፊት እንደሞተች ታውቃለህ አለችው፤ ብነግርህ ሌሊት ሌሊት ትንፋሼን ስትቆጣጠር ልታድር ነው። ይህን ስትል ትንሽ ሣቀች። ከዚያ ሣቋን አቆመች።

«ጠዋት ያየኸኝ በዚያ በሥራህ ዓይን ነው» አለችው። «እኔን እንዲያ አይተኸኝ አታውቅም። ባስቀምጠው ኖሮ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ከእጄ ውሃ አትቀበልም ነበር። ከእኔ እጅ ካልበላህ ደግሞ ከማን እጅ ልትበላ ነው፣ ማሙሽ? ሰው የለህም እኮ። አንድ ጊዜ ብጠጣው አይገድለኝም አልኩ።»

ቁጥጥር ግንባሩን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደግፎ አለቀሰ። ማን እንደሚያየው አላጣራም። እህቱ መርፌ ያልተሰካበትን እጇን ነጭ ፀጉሩ ላይ አሳረፈች። ይቅርታ ማለቱን አለ፤ ብዙ ጊዜ አለ፤ እሷ ግን ይህን ያህል እየሰማችው አልነበረም፤ ደክሟታል።

ትንሽ ቆይታ ውሃ ጠማኝ አለች። ተነሥቶ ኮሪደሩ ጫፍ ካለው ቧንቧ በብርጭቆ ቀዳና ይዞላት መጣ። ሲቻኮል ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ። እህቱ በክርኗ ደገፍ ብላ ተቀበለችው፤ ብርጭቆውን አላየችውም፣ እሱንም አላየችውም፤ ዓይኗን ጨፍና ጠጣችው።